የአሜሪካ ፕራይመሪ ወዴት እንደሚያመራ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ2028 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ እጩ ማን ይሆናል እያልን ከጓደኞቼ ጋር እንከራከራለን። አንዱ ፖል (የሕዝብ አስተያየት ጥናት) ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ማን ምን ያህል ገንዘብ እንደሰበሰበ ይቆጥራል፤ ሌላው የውርርድ ገበያውን ያሳየናል። ከግምት የተሻለ መንገድ አለ ወይ? ደግሞስ የሜሪላንድ ተራ እስኪደርስ ነገሩ አልቆ የለም?»

መንገድ አለ። ሦስቱም ጓደኞችዎ የያዙት መረጃ ይጠቅማል፤ የጎደላቸው መረጃውን የሚያስገቡበት ስሌት ነው። እጩው የሚለየው ክፍለ ግዛቶች በፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ) ውጤት መሠረት ወደ ፓርቲው ጉባኤ በሚልኳቸው ወኪሎች፣ ማለትም በደሊጌት ቁጥር ነው። በ2020 ዴሞክራቶች በምርጫ የሚከፋፈሉ 3,979 ደሊጌቶች ነበሯቸው፤ በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር ድምፅ ለማሸነፍ 1,991 ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ትንበያ የሚጀምረው «በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍለ ግዛት፣ በምን ደንብ፣ ለማን ስንት ደሊጌት ይገባል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ፖሉም ገንዘቡም ለዚህ ጥያቄ ግብዓት ናቸው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቡን ሳይዙ ፖል ማንበብ ዋጋ የለውም። ዴሞክራቶች በሁሉም ቦታ ደሊጌቱን በድምፅ መጠን ያካፍላሉ፤ 15 በመቶ ያልሞላ እጩ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ 15 በመቶ ሁለት ቦታ ይለካል፦ አንድ ጊዜ በክፍለ ግዛቱ ጠቅላላ ውጤት፣ ሌላ ጊዜ በየወረዳው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ የኮንግረስ ምርጫ ወረዳ። ከ15 በታች የቀሩት እጩዎች ድምፅ ከሒሳቡ ይወጣና ደሊጌቱ መስመሩን ላለፉት ብቻ ይከፋፈላል።

የኒው ሃምፕሸርን የ2020 ውጤት በእጃችን እንሥራው፤ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ውጤቱ ሳንደርስ 25.6፣ ቡቲጄጅ 24.3፣ ክሎቡሻር 19.7፣ ዋረን 9.2፣ ባይደን 8.4 በመቶ ነበር። መስመሩን ያለፉት ሦስቱ ናቸው፤ ድምራቸው 69.6 ነው። ክፍለ ግዛቱ 24 ደሊጌቶች ነበሩት፦ ከሁለቱ ወረዳዎች ስምንት ስምንት፣ በክፍለ ግዛት ደረጃ 5፣ ለፓርቲ አመራሮችና ለተመራጭ ባለሥልጣናት የተያዙ 3። አምስቱን ለማከፋፈል የእያንዳንዱን ድምፅ በ5 አባዝተው ለ69.6 ያካፍሉ። ለሳንደርስ 1.84፣ ለቡቲጄጅ 1.75፣ ለክሎቡሻር 1.42 ይመጣል። መጀመሪያ ለሁሉም አንድ አንድ ይሰጣል፤ የተረፉት ሁለቱ ትልቅ ክፍልፋይ ላላቸው፣ ማለትም 0.84 እና 0.75 ለያዙት ይሄዳሉ። 2፣ 2፣ 1 ሆነ። ለአመራሮችና ለባለሥልጣናት የተያዙት ሦስቱም በዚያው መንገድ ሲሠሩ 1፣ 1፣ 1 ይሆናሉ። በየወረዳው ስምንቱ 3፣ 3፣ 2 ይወጣሉ። ሲደመር ሳንደርስ 9፣ ቡቲጄጅ 9፣ ክሎቡሻር 6፤ በእውነትም የተሰጠው ይኸው ነው። ቴሌቪዥኑ «ሳንደርስ አሸነፈ» አለ፣ በደሊጌት ግን አንዲት ብልጫ አላገኘም። ዋረንና ባይደን ደግሞ ተደምረው 17.6 በመቶ መራጭ ይዘው ዜሮ ወጡ።

ከዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል። ሁለት እጩዎች ብቻ በቀሩበት ውድድር 4 ደሊጌት ያለው ወረዳ 2 ለ2 ነው የሚያልቀው፤ 3 ለ1 ለማድረግ 62.5 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል። 6 ያለው ወረዳ 4 ለ2 የሚሆነው ከ58.3 በላይ ሲገኝ ነው። 3 ወይም 5 ያለው ወረዳ ግን በአንድ ድምፅ ብልጫም ቢሆን ተጨማሪዋን ደሊጌት ለአሸናፊው ይሰጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው የዘመቻ ቡድን ገንዘቡን የሚያፈሰው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ወረዳዎች ላይ ነው። ሰንጠረዥዎ ውስጥ የየወረዳውን ደሊጌት ብዛት ካላስገቡ ይህ ሁሉ ይሰወርብዎታል።

በ2008 ሂላሪ ክሊንተን ኒው ጀርሲን አሸንፈው 59 ለ48 አገኙ፤ የ11 ብልጫ። በዚያው ቀን ባራክ ኦባማ ትንሿን የአይዳሆ ካውከስ (መራጮች በአካል ተሰብስበው የሚመርጡበት ስብሰባ) በሰፊ ልዩነት ወስደው 15 ለ3፣ የ12 ብልጫ አገኙ። ሚሊዮኖች ያሉበት ኒው ጀርሲ ከአይዳሆ ያነሰ ጠቀመ ማለት ነው። በኔቫዳ ካውከስና በቴክሳስ ፕራይመሪም ክሊንተን በድምፅ ቀድመው ሳለ ከሁለቱ ክፍለ ግዛቶች በደሊጌት የበለጠ ይዘው የወጡት ኦባማ ነበሩ።

የሪፐብሊካኑ በኩል ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ክፍለ ግዛቶች ሰፊ ነፃነት አላቸው፤ ከማርች አጋማሽ በኋላ የሚመርጡት «አሸናፊው ሁሉንም ይወስዳል» ማለት ይችላሉ። ቀድመው የሚመርጡት የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍለ ግዛቶች ደግሞ በ2016 ከዚህ የጊዜ ገደብ ነፃ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ በሆነችው ሳውዝ ካሮላይና ዶናልድ ትራምፕ 32.5 በመቶ አግኝተው 50ውንም ደሊጌት ጠቀለሉ፤ ሩቢዮና ክሩዝ እያንዳንዳቸው ከ22 በመቶ በላይ ይዘው ምንም አላገኙም። ያው ድምፅ በክፍለ ግዛት ደረጃ በዴሞክራቶች ደንብ ቢከፋፈል ወደ 21፣ 15 እና 14 ይሆን ነበር። በሪፐብሊካን ሜዳ የተከፋፈለ ተቃዋሚ በ35 በመቶ የሚመራውን ሰው ያነግሠዋል፤ በዴሞክራቶች ሜዳ ግን ያው ሰው ቀስ እያለ ይጠራቀማል እንጂ አይጠቀልልም። አንዱን ፓርቲ በሌላው ደንብ የሚተነብይ ሰው ከመነሻው ተሳስቷል።

ወደ ፖሉ እንምጣ። ከምርጫው አንድ ዓመት በፊት የሚወጣ አገር አቀፍ ፖል በአብዛኛው የሚለካው ስም መታወቅን ነው። በ2007 ሩዲ ጁሊያኒ የሪፐብሊካኑን ፖል ለወራት መርተዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ግዛቶች ትተው ፍሎሪዳን ጠበቁ፣ እዚያም ሦስተኛ ወጥተው አቋረጡ። በ2003 መጨረሻ ሃዋርድ ዲን ፊት ነበሩ፤ አዮዋ ላይ ሦስተኛ ሆኑ። በተቃራኒው ባይደን በ2019፣ ትራምፕ በ2023 መርተው በመጨረሻም እጩ ሆነዋል። ልዩነቱን በከፊል ለማየት የድጋፉን መጠን ስሙን ለሚያውቁት ሰዎች መጠን ያካፍሉ። 95 በመቶው የሚያውቀው ሰው 25 በመቶ ድጋፍ ቢኖረው፣ ከሚያውቁት መካከል የሚደግፈው 26 በመቶው ነው። 30 በመቶው ብቻ የሚያውቀው ሰው 8 በመቶ ድጋፍ ቢኖረው እሱም ከሚያውቁት 27 በመቶ ይዟል ማለት ነው፤ ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም። ይህን ማስተካከያ ግን በሙሉ አይውሰዱት። ያልታወቀውን ሰው ቀድመው ያወቁት ፖለቲካ በቅርብ የሚከታተሉ ናቸው፤ ቀሪው መራጭ እንደነሱ ላያስብ ይችላል።

ድምፅ መስጠት ሲቃረብ የክፍለ ግዛቱን ፖል ይያዙ፣ አገር አቀፉን ይተዉት። 600 ሰው የተጠየቀበት ፖል በወረቀት ላይ የ4 ነጥብ ስህተት ይፈቅዳል፤ የፕራይመሪ ፖል ትክክለኛ ስህተት ግን ከዚያ ይበልጣል፣ ከጠቅላላው ምርጫ ፖል ጋር ሲነጻጸርም እጥፍ ገደማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጠቅላላው ምርጫ አብዛኛው ሰው ፓርቲውን ያውቃል፤ በፕራይመሪ ሁሉም እጩ የአንድ ፓርቲ ሰው ስለሆነ መራጩ በመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ሐሳቡን ይቀይራል። ማን እንደሚወጣም በቅጡ አይታወቅም። በ2008 ኒው ሃምፕሸር የፖሎቹ አማካይ ኦባማን በ8 ነጥብ ገደማ አስቀድሞ ነበር፤ ክሊንተን አሸነፉ። በ2016 ሚሺጋን ፖሎቹ ለክሊንተን የ20 ነጥብ ያህል ብልጫ ሰጥተው ሳንደርስ በ1.4 ነጥብ አሸነፉ።

ካውከስ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። በሰዓቱ በአካል ተገኝቶ ለረጅም ጊዜ መቆየት ስለሚጠይቅ ፈረቃ ላይ ያለ ሠራተኛ ይቀራል። ላስ ቬጋስን ያስቡ፦ ታክሲ የሚነዱ፣ ካዚኖ ሆቴሎች ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ያሉባት ከተማ ናት። ኔቫዳ እስከ 2020 ካውከስ ነበረች፤ ለሆቴል ሠራተኞች ሲባል ካዚኖዎች ውስጥ ጭምር የካውከስ ቦታ ይከፈት ነበር። በ2024 ዴሞክራቶቹ ወደ መደበኛ ፕራይመሪ ተሻገሩ። የድሮውን ውጤት ዝም ብለው ለአዲሱ መነሻ ማድረግ የለብዎትም።

ስህተቱን እንዴት ወደ ሒሳብ እናስገባው? ኤክሴል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አንድ መስመር ያበጁ፤ ቀን፣ በክፍለ ግዛት ደረጃ ያለው ደሊጌት፣ የየወረዳው ደሊጌት፣ ከፓርቲው ውጭ ያለ ሰው ይመርጣል ወይስ አይመርጥም፣ የየእጩው የፖል አማካይ። ከዚያ በእያንዳንዱ እጩ ላይ ሁለት የዘፈቀደ ስህተት ይጨምሩ፦ አንዱ በመላ አገሪቱ የጋራ የሆነ፣ ሌላው ለየክፍለ ግዛቱ የተለየ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከሆኑ የሁለቱ ጠቅላላ መዋዠቅ (ስታንዳርድ ዴቪየሽን) 5 ወይም 6 ነጥብ ይሁን፤ ወራት ከቀሩ 10 እና ከዚያ በላይ። ይህን ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያስኬዱና እያንዳንዱ እጩ ስንት ጊዜ ግማሹን ደሊጌት እንዳለፈ ይቁጠሩ። ከ1,000ው 430 ጊዜ ካለፈ ዕድሉ 43 በመቶ ነው፤ ይኸው ነው ትንበያው።

የጋራውን ስህተት አይዝለሉ። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ፖሉ ሳውዝ ካሮላይና ላይ በዕድሜ የገፉ ጥቁር መራጮችን አሳንሶ ከቆጠረ፣ በአላባማና በሚሲሲፒም ያሳንሳቸዋል። ስህተቶቹን እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንደሆኑ ከቆጠሩ እርስ በርስ ይጣፉና ኤክሴሉ «99 በመቶ» ይልዎታል። እንዲህ ያለ ቁጥር በፌብሩዋሪ ካዩ የተሳሳተው ቀመርዎ ነው።

15 በመቶው መስመርም መዋዠቁን የሚያባብሰው ነገር ነው። አማካዩ 16 የሆነ፣ የ5 ነጥብ መዋዠቅ ያለው እጩ ከ10 ጊዜ 4ቱን ከመስመሩ በታች ይወድቃል። «16 በመቶ ስላለው 16 በመቶ ደሊጌት ያገኛል» ብሎ ማስላት አይቻልም፤ ወይ ከዚያ በላይ ያገኛል፣ ወይ ምንም። በካሊፎርኒያ 2020 ዋረን በክፍለ ግዛት ደረጃ 13 በመቶ ብቻ አግኝተው ከዚያኛው ድርሻ ተቆረጡ፤ ሆኖም በአንዳንድ ወረዳዎች 15ን ስላለፉ ከ415ቱ 11 ደሊጌት ለቀሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፦ ማን መቼ ይወጣል? በእኔ ግምት ከጠቅላላው ትንበያ ግማሹ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎች ግን ጨርሶ አያሰሉትም። በ2020 ከኔቫዳ በኋላ ሳንደርስ በሁሉም ዘንድ መሪ ነበሩ፤ ኔቫዳን በ47 በመቶ ገደማ ወስደዋል። በወቅቱ የነበረውን ፖል ወደፊት ቢጎትቱት ከብዙ እጩዎች መካከል ትልቁን ድርሻ እየያዙ ይሄዳሉ። ፌብሩዋሪ 26 የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ለባይደን ድጋፋቸውን ሰጡ። ፌብሩዋሪ 29 ባይደን በ48.6 ለ19.8 አሸነፉ፤ ፖሎቹ መሪነታቸውን አይተው ነበር፣ የልዩነቱን ስፋት ግን አላዩም። ማርች 1 ቡቲጄጅ ወጡ። ማርች 2 ክሎቡሻር ወጡ፤ በዚያው ምሽት ዳላስ ላይ ሁለቱም ለባይደን ድጋፋቸውን አወጁ። ማርች 3፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደሊጌት በሚከፋፈልበት ሱፐር ቱስዴይ፣ ባይደን ከ14 ክፍለ ግዛቶች 10ሩን ወሰዱ። ከእናንተ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ላይ ውጤቱ 53 ለ23 ነበር። የክሎቡሻር አገር ሚኒሶታም ለባይደን ሆነች። ማርች 4 ብሉምበርግ፣ ማርች 5 ዋረን ወጡ። ነገሩ የተገለበጠው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ በሦስት ቀን ደግሞ አዲስ ፖል ተሠርቶ፣ ተመዝኖ አይወጣም።

ይህን አስቀድሞ ማየት ይቻል ነበር? ቀኑን አይሆንም፤ ዕድሉን ግን አዎ። የመራጩን ስብጥር የሚመለከት ሰው አዮዋና ኒው ሃምፕሸር በአብዛኛው ነጭ እንደሆኑ፣ የሳውዝ ካሮላይና ዴሞክራት መራጭ ከግማሽ በላይ ጥቁር እንደሆነ፣ ሱፐር ቱስዴይ ላይ ብዙ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች እንዳሉ ያውቃል። ስለዚህ ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ መውጣታቸው ሊነግረን የሚችለው ውስን ነበር። በአንጻሩ ቡቲጄጅ ጥሩ ቢጀምሩም በጥቁር መራጮች ዘንድ ድጋፍ አልነበራቸውም፤ ከፊታቸው ያለው ካላንደር ለእሳቸው ምንም አልያዘም። ለሰንጠረዥዎ የሚሆን ደንብ ከዚህ ይውጣ፦ አንድ እጩ በሁለት ተከታታይ ምርጫ ከ15 በታች ከወደቀ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታትም ጠንካራ ቦታ ከሌለው፣ የመውጣት ዕድሉን ከፍ ያድርጉት።

የወጣው ሰው ድምፅ የት ይሄዳል? ጥሩ ፖሎች «ሁለተኛ ምርጫዎ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ያንን ቁጥር ይጠቀሙ። «ለዘብተኛው ወደ ለዘብተኛ፣ ግራ ዘመሙ ወደ ግራ ዘመም» የሚለው የተለመደ ግምት በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። በ2019 ከባይደን ደጋፊዎች ብዙዎቹ ሁለተኛ ምርጫችን ሳንደርስ ናቸው ይሉ ነበር፣ የሳንደርስ ደጋፊዎችም እንዲሁ ባይደንን ይጠሩ ነበር፤ መራጩ በአብዛኛው የሚያውቀውንና የሚያምነውን ሰው ያያል። ሌላም አለ፦ በፖስታ ቀድሞ የተላከ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። ካሊፎርኒያ ላይ ቡቲጄጅ ከወጡ በኋላም ድምፅ ተቆጥሮላቸዋል። ቀደም ብሎ በብዛት በሚመረጥባቸው ክፍለ ግዛቶች የወጣውን እጩ ድምፅ በሙሉ አያሸጋግሩ።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነው። ገንዘብ እጩን በውድድሩ ያቆየዋል እንጂ አያሸንፍለትም። በ2016 ጄብ ቡሽን የሚደግፈው ድርጅት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ቡሽ አንድ ክፍለ ግዛት ሳያሸንፉ ወጡ። ብሉምበርግ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል አፍስሰው ያሸነፉት አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። መታየት ያለበት የሚቀረው ገንዘብ፣ ማለትም በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከወር ወጪው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ የሁለት ወር ስንቅ የሌለው ዘመቻ ሱፐር ቱስዴይን አያይም። የውርርድ ገበያውን በበኩሌ ከፖል በኋላ ነው የማየው። ዜናን ቶሎ ይይዛል፤ ግን በተለይ ከዓመት በፊት ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ለሆኑ ታዋቂ ስሞች ከሚገባው በላይ ዋጋ ይሰጣል።

«ማንም ግማሹን ሳያገኝ ጉባኤው ላይ ይወሰን ይሆን?» የሚለው በየአራት ዓመቱ ይነሣል። ከ2018ቱ ማሻሻያ ወዲህ ሱፐር ደሊጌቶች (በፕራይመሪው ውጤት የማይታሰሩ የፓርቲ መሪዎችና ባለሥልጣናት) ድምፅ የሚሰጡት ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ነው፣ ውጤቱ አስቀድሞ ካልተለየ በስተቀር። ይሁንና ዴሞክራቶች ከአንድ ዙር በላይ የሄዱበት የመጨረሻው ጉባኤ የ1952 ነው፤ የሪፐብሊካኖች የ1948። ኤክሴልዎ «40 በመቶ ጉባኤ ላይ ይወሰናል» ካለዎት ሰዎች ከውድድር እንደሚወጡ አላስተማሩትም ማለት ነው።

የሜሪላንድ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2020 ምርጫዋ ጁን 2 ሲደረግ ሳንደርስ ከወጡ ሁለት ወር ሊሞላ ነበር፤ በ2024 ሜይ 14 ስትመርጥም ነገሩ አልቆ ነበር። በ2008 ግን ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ፌብሩዋሪ 12 በአንድ ቀን መርጠው ሦስቱንም ኦባማ ወሰዱ፤ የያኔው የደሊጌት ብልጫ እስከ መጨረሻው ቆየ። እንግዲህ የሚወስነው ቀኑ ነው። ካላንደሩ ደግሞ በየዙሩ ይቀያየራል፤ በ2024 ዴሞክራቶች ሳውዝ ካሮላይናን ፊት አውራሪ አድርገው ነበር። የ2028ቱ ቅደም ተከተል ሲጸድቅ በሰንጠረዥዎ ላይ በመጀመሪያ የሚሞሉት አምድ እሱ ይሁን።

ሌላው ደንቡ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ አሌክሳንድሪያ ያለ ዘመድዎ የፈለገውን ፓርቲ ፕራይመሪ ይመርጣል። ሜሪላንድ ግን ዝግ ነው፤ በዴሞክራትነት ካልተመዘገቡ የዴሞክራቶቹን ፕራይመሪ የምርጫ ወረቀት አይሰጡዎትም፣ ፓርቲ የመቀየሪያው ቀነ ገደብም ከምርጫው ሳምንታት ቀድሞ ያልፋል። ምዝገባዎን ካሁኑ አይተው ያረጋግጡ። ከዚያ የወረዳዎ ደሊጌት ስንት እንደሆነ ይፈልጉ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነና ውድድሩ ያን ጊዜ በሁለት ሰው መካከል ከሆነ፣ የእናንተ ሰፈር ጥቂት ድምፆች አንዲት ደሊጌት ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራሉ።